ጾታዊ ጥቃት የደረሰበትን ሰው በማገገም ጊዜ መደገፍ

ልጅዎ፣ እህትዎ፣ ባለቤትዎ ወይም ጓደኛዎ ጾታዊ ጥቃት ደርሶባት ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ተዘጋጅቷል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን መደረግ እንዳለበት፣ በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት ምን ሊታይ እንደሚችል፣ የትኛው ንግግር እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚጎዳ ያብራራል። ጥቃቱ የደረሰው በእርስዎ ላይ ከሆነም ያንብቡት፤ መናገር ሲከብድዎት ለሚያምኑት ሰው ማሳየት ይችላሉ።

በጽሑፉ ውስጥ በአብዛኛው «እርሷ» እያልን እንጽፋለን። ነገር ግን ጥቃቱ በወንዶችና በወንድ ልጆች ላይም ይደርሳል፤ ምክሩ ለእነርሱም ያገለግላል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ከጥቃቱ በኋላ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ ኤች አይ ቪን ለመከላከል ይረዳል። 72 ሰዓት ቢያልፍም ሕክምናው ጥቅም አለው፤ «አሁንማ ዘገየ» ብላችሁ አትቅሩ።
• እንደሚያምኗትና ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ በግልጽ ይንገሯት።
• ዝርዝሩን እንድትናገር አያስገድዷት።
• ማን ይወቅ፣ ወዴት ይኬድ፣ ክስ ይቅረብ አይቅረብ የሚለውን ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ራሷ ትወስን።
• ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ካላት ብቻዋን አይተዉአት፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

የድጋፉ መሠረት ምንድን ነው?

ጾታዊ ጥቃት አንድ ሰው ሳይፈቅድ፣ ወይም መፍቀድ በማይችልበት ሁኔታ (ተኝቶ፣ ሰክሮ፣ ፈርቶ ወይም ሕፃን ሆኖ) የሚፈጸምበት ወሲባዊ ድርጊት ነው። ጥቃቱ አካልን ከመጉዳቱ ባሻገር ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ ያለውን የማዘዝ መብት ይነጥቃል። ማገገም የሚጀምረውም ይህ መብት ወደ ባለቤቱ መመለስ ሲጀምር ነው።

ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በፍቅርና በድንጋጤ ተነሥተው ሁሉን ነገር ራሳቸው ይወስናሉ። አባት ለዘመድ ይናገራል፤ ወንድም ሊበቀል ይነሣል፤ እናት «ሆድ ይፍጀው፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ» ትላለች። ሁሉም የሚያደርጉት ለእርሷ ብለው ነው፤ ግን እርሷን የጠየቀ የለም። ለተጎዳችው ሰው ይህ አካሏ ላይ የደረሰውን ስሜት ይደግምባታል፤ አሁንም ሌሎች ስለ እርሷ ያዝዛሉ።

ስለዚህ በማንኛውም ጊዜ ምን ላድርግ ብለው ሲጨነቁ አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ «ይህን ስለ እርሷ እየወሰንኩ ነው ወይስ ራሷ እንድትወስን እየረዳኋት ነው?» ትንንሽ ምርጫዎችም ዋጋ አላቸው። «በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍት ይሁን?» «ዛሬ ማን አብሮሽ እንዲያድር ትፈልጊያለሽ?» «ልቀፍሽ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ማክበር መብቷ በእጇ እንደሆነ ያሳያታል። ማቀፍ የለመዳችሁ እናትና ልጅ ብትሆኑም እንኳ ለጊዜው ከመንካትዎ በፊት ይጠይቋት።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት

መጀመሪያ ደኅንነቷን ያረጋግጡ

ጥቃት አድራሹ በአቅራቢያ ካለ፣ እቤት ውስጥ ከሆነ ወይም ሊመለስ የሚችል ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ ትሂድ። ቀጥሎ አደገኛ ጉዳት መኖሩን ይመልከቱ። የሚከተሉት ካሉ ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦

• የማያቆም የደም መፍሰስ ወይም ከባድ የሆድ ሕመም
• ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት ወይም ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት
• አንገቷ ታንቆ ከነበረ፣ በተለይ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት። አንገት ላይ ምልክት ባይታይም የውስጥ ጉዳት ሊኖር ስለሚችል መመርመር አለባት።

ሕክምና የሚሰጠው ለምንድን ነው?

አንዳንድ ሰዎች «ደም ካልፈሰሳት፣ ካልቆሰለች ሐኪም ምን ያደርግላታል?» ይላሉ። ከሚታየው ጉዳት ይልቅ የማይታየውን መከላከል ይበልጣልና መሄድ ያስፈልጋል።

ኤች አይ ቪን መከላከል፦ ጤና ባለሙያው አደጋ መኖሩን ካረጋገጠ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀናት በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ይሰጣል። ቶሎ በተጀመረ መጠን የመከላከል ኃይሉ ይጨምራል። መድኃኒቱ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት አቋርጣ እንዳትተወው ሐኪሟን እንድታማክር ያበረታቷት። ክኒኑን የምትወስድበትን ሰዓት ስልኳ ላይ ማስታወሻ እንድታደርግ መርዳት ቀላልና ጠቃሚ ድጋፍ ነው።

እርግዝናን መከላከል፦ በተለምዶ «ፖስት ፒል» የሚባለው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ5 ቀናት ውስጥ ይወሰዳል። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል። በወሰደች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት በድጋሚ መውሰድ ሊያስፈልጋት ስለሚችል ባለሙያ ትጠይቅ። በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ የመዳብ መከላከያ (ሉፕ) በ5 ቀናት ውስጥ ከገባም እርግዝናን ይከላከላል። የወር አበባዋ በጊዜው ካልመጣ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ።

ሌሎች በሽታዎችን መከላከል፦ ለጨብጥ፣ ለቂጥኝና ለመሳሰሉት የአባላዘር በሽታዎች መድኃኒት፣ እንደ ሁኔታው የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ክትባት፣ ቁስል ካለ ደግሞ የቲታነስ ክትባት ይሰጣል።

ክትትል፦ አንድ ቀን ታክሞ መመለስ አይበቃም። የኤች አይ ቪና የሌሎች በሽታዎች ምርመራ በባለሙያው ቀጠሮ መሠረት ይደገማል። በመጀመሪያው ቀን የተገኘ ውጤት በጥቃቱ ምክንያት የተከሰተ ነገር መኖር አለመኖሩን አያሳይም፤ ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳልና።

ማስረጃን ስለ መጠበቅ

ክስ ማቅረብ ፈለገች አልፈለገች፣ ማስረጃው ቢጠበቅ በኋላ ለመወሰን ዕድል ይሰጣታል። የሚቻል ከሆነ ከምርመራው በፊት ገላዋን ባትታጠብ፣ ልብሷን ባትቀይር ይመረጣል። ከቀየረችም ልብሱን ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃን ያበላሻል።

ነገር ግን መታጠብ የብዙዎች የመጀመሪያ ፍላጎት ነው። ከታጠበች አይቆጧት። ማስረጃ ጠፋ ብሎ ሕክምናን መተው አያስፈልግም። በምርመራው ጊዜ የትኛውንም ክፍል «አይሆንም» ማለት፣ ማረፍ ወይም ማቋረጥ እንደምትችል፣ ሴት ሐኪም መጠየቅ እንደምትችልም ይንገሯት።

ለአገልግሎቱ ወዴት ይኬዳል?

በኢትዮጵያ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ሕክምና፣ የምክር አገልግሎት፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተቋቁሟል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው ከእነዚህ አንዱ ነው። የዚህ አገልግሎት ዓላማ የተጎዳችው ሰው ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር ማድረግ ነው። በአካባቢዎ እንዲህ ያለ ማዕከል ከሌለ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፤ መከላከያ መድኃኒቶቹ ከሌሉት ወደ ሌላ ተቋም እንዲልካችሁ ይጠይቁ።

ስትናገር ምን ይባላል?

አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር የሚሰማው መልስ ለረጅም ጊዜ አብሮት ይኖራል። ምን እንደምትሉ ባታውቁ እንኳ መልካም ቃል ጥቂት ነው።

የሚጠቅሙ ንግግሮች፦

• «አምንሻለሁ።»
• «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጥፋቱ የእርሱ ነው።»
• «ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ከባድ እንደሆነ ይገባኛል።»
• «አሁን ምን ላድርግልሽ?»
• «መናገር ካልፈለግሽ ዝም ብለን እንቀመጥ።»

የሚጎዱ ንግግሮች፦

• «በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ታደርጊ ነበር?»
• «ለምን አልጮህሽም? ለምን አልታገልሽም?»
• «ቶሎ ለምን አልነገርሽንም?»
• «ተመስገን በይ፣ ሕይወትሽ ተርፏል።»
• «እርሺው፣ አልፏል።»

ከእነዚህ መካከል «ለምን አልጮህሽም?» የሚለው ልዩ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከባድ ፍርሃት ሲመጣ ሰውነት ሁልጊዜ አይሮጥም፣ አይታገልም። ብዙ ጊዜ ይደርቃል፤ ድምፅ አይወጣም፣ እጅና እግር አይታዘዝም። ይህ የአንጎል የመከላከል ምላሽ ነው፤ በፈቃድ የሚመረጥ ነገር አይደለም። በዚህ ምክንያት ዝም ያለች ሴት ፈቅዳለች ማለት አይደለም። ይህን እርስዎ ከተረዱት እርሷም ራሷን ከመውቀስ ልትድን ትችላለች።

ታሪኩን ስትናገር ነገሮች ቅደም ተከተላቸው ቢዛባ፣ አንዳንዱን ብታስታውስ አንዳንዱን ብትረሳ ትዋሻለች ብላችሁ አትጠርጥሩ። በከባድ ድንጋጤ ወቅት የሚመዘገብ ትዝታ ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነው። ዝርዝሩን ለማወቅ መርማሪ መሆን የለብዎትም፤ የእርስዎ ድርሻ ማዳመጥ ነው።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ምን ይጠበቃል?

የሚከተሉት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዙዎች ላይ ይታያሉ፦

• እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ሌሊት ደንግጦ መንቃት
• ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ ያህል በድንገት ተመልሶ መምጣቱ
• በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ ከኋላ ሰው ሲመጣ መሸበር
• ቦታዎችን፣ ሰዎችን፣ ሽታን ወይም ድምፅን መሸሽ
• ማልቀስ፣ ቁጣ፣ ወይም ምንም ስሜት አለመሰማት
• ራስን መውቀስና መጸየፍ፣ ደጋግሞ መታጠብ
• የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም

አንዳንዷ ስታለቅስ አንዳንዷ እንደ ወትሮው ሥራ ትሄዳለች፣ ትስቃለችም። የምትስቅ ሰው አልተጎዳችም ማለት አይደለም፤ ሥራዋን ይዛ መቀጠሏ ለእርሷ መደገፊያ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ሳምንታት ምን ማድረግ ይችላሉ?

የዕለት ኑሮዋን ያግዙ። ቀጠሮ ስትሄድ አብረው ይሂዱ፣ ልጆቿን ይያዙላት፣ ምግብ ያቅርቡላት። በሰዓቱ መብላት፣ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና ትንሽ በእግር መንቀሳቀስ ሰውነትን ያረጋጋሉ።

ትዝታው ድንገት ሲመጣባት ረጋ ባለ ድምፅ ስሟን ጠርተው አሁን የት እንዳለች ይንገሯት፦ «እኔ ነኝ፤ እቤትሽ ነሽ፤ በሩ ተቆልፏል፤ ማንም የለም።» እግሯን መሬት ላይ እንድትጭን፣ በአካባቢዋ የምታያቸውን አምስት ነገሮች እንድትቆጥር፣ ቀስ ብላ ረጅም ትንፋሽ እንድታወጣ ይጋብዟት። አያንቀጥቅጧት፣ አይያዟት።

ስለ ጥቃቱ እንድታወራ አይገፋፏት። በመጀመሪያ ቀናት ሁሉን ነገር ዘርዝሮ ማውራት ያድናል የሚለው አመለካከት ትክክል አይደለም፤ ተገድዶ ማውራት ሊጎዳ ይችላል። ስትፈልግ ታወራለች፤ እርስዎም «በፈለግሽ ጊዜ እሰማሻለሁ» ማለትዎ በቂ ነው።

የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒን ከጎረቤት ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት አይስጧት። አንዳንዶቹ ሱስ ያስይዛሉ፤ ማገገምንም ያዘገያሉ። በመጠጥና በጫት ራስን ማደንዘዝም እንዲሁ።

ጸበልና ጸሎት ለብዙዎች ትልቅ መጽናኛ ነው። እርሷ ከፈለገች አብሯት መሄድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለ28 ቀናት የሚወሰደው መድኃኒት በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ። መድኃኒትና ጸሎት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። የሃይማኖት አባት ወይም የመስጊድ ኢማም ማማከር ከፈለገች ምሥጢር የሚጠብቅና የማይወቅሳትን ሰው ራሷ ትምረጥ።

የባለሙያ እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከላይ የተዘረዘሩት ስሜቶች በብዙ ሰዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ እየቀለሉ ይሄዳሉ። ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ፣ ከባሱ፣ ወይም ሥራና ትምህርት ካስተጓጎሉ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም ይታከማል። ለዚህ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ታካሚዋን በዝግታና በፈቃዷ ትዝታውን እንድትጋፈጥ፣ ራሷን የምትወቅስበትን ሐሳብ እንድትመረምር ይረዳታል። አስፈላጊ ሲሆን የአእምሮ ሐኪም መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ ከሚጠቀሱት ተቋማት አንዱ ነው፤ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ወዲያውኑ እርዳታ ይፈልጉ፦

• መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች ወይም ራሷን ከጎዳች
• ንብረቷን ማደል፣ መሰናበት ወይም መርዝና መድኃኒት ማከማቸት ከጀመረች
• ለቀናት ካልበላች፣ ካልተኛች፣ ወይም ከእውነታ የራቀ ነገር ከታያት ወይም ከተሰማት

«ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ይልቁንም ሸክሙን እንድታካፍል በር ይከፍታል። አዎ ካለች አብረዋት ይቆዩ፣ ገመድ፣ ስለት፣ የተባይ መድኃኒትና ክኒን ከአካባቢዋ ያርቁ፣ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ቤተሰብ ውስጥ የሚነሡ ከባድ ጥያቄዎች

«ሽማግሌ ተልኳል፤ እንታረቅ?»

ጥቃት አድራሹ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የታወቀ ሰው ሲሆን ጉዳዩን በካሳና በእርቅ ለመዝጋት ግፊት ይመጣል። አንዳንድ ጊዜም «ያግባት» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ይህ ለተጎዳችው ሰው ከበደለኛው ጋር ዕድሜ ልክ መኖር ማለት ነው። ሕጉም ይህን አይቀበልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ተጎጂዋ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ካልሞላት ወይም ሌሎች የሚያከብዱ ሁኔታዎች ካሉ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። በጠለፋም ቢሆን ጠላፊው ከጊዜ በኋላ ቢያገባት ከወንጀል ተጠያቂነት አይድንም (አንቀጽ 587)። በባል የሚፈጸመውን በተመለከተ አንቀጽ 620 የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስላለው ነው፤ ሆኖም በትዳር ውስጥ የሚፈጸም የኃይል ጥቃት በአንቀጽ 564 ያስቀጣል፤ ሕክምናውና ድጋፉም ለባለትዳሯ ያው ነው።

ሽማግሌ መጥቶ ከሆነ መልሱን እርስዎ ብቻዎን አይስጡ። «ያለ እርሷ ፈቃድ የምንወስነው የለም» ማለት ይቻላል።

«ወንድሟ ሊበቀል ተነሥቷል»

ቁጣው ይገባል። ነገር ግን ወንድሟ ከታሰረ ወይም ከሞተ፣ እርሷ የራሷን ቁስል ትታ የእርሱን ጥፋት ትሸከማለች፤ በድጋሚም «በእኔ ምክንያት» ትላለች። ቁጣውን በቀጠሮ አብሮ በመሄድና ፍርድ ቤት አጠገቧ በመቀመጥ ይወጣ።

«ክስ ታቅርብ?»

አንዳንዶችን ክስ ያጠነክራቸዋል፤ አንዳንዶች ደግሞ ሂደቱን አይችሉትም። ሁለቱም ተገቢ ነው። ከመወሰኗ በፊት የሕግ ምክር እንድታገኝ ይርዷት፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ይታወቃል። የችሎት ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት ተመልሰው ሊመጡ ይችላሉ፤ ይህ የሕመም ማገርሸት መስሎ አያስደንግጣችሁ። ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ መጠየቅ እንደሚቻልም ጠበቃዋን ይጠይቁ።

«አርግዛ ከሆነስ?»

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ በጤና ተቋም ማቋረጥ ይፈቀዳል። አንቀጽ 552 እንደሚለው ለዚህ የሴቲቱ ቃል በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አትጠየቅም። መቀጠልም ማቋረጥም የእርሷ ውሳኔ ነው። በባህል መድኃኒት ወይም ባልሠለጠነ ሰው እጅ ማቋረጥ ግን ሕይወት ያጠፋል።

«ለዘመድ እንንገር?»

ማን እንደሚያውቅ እርሷ ትምረጥ። ሌላ ሰው መርዳት ካለበት «ለአክስትሽ ብነግራት ይሻልሻል?» ብለው ያስፈቅዷት። ምሥጢሯ ከቤት ከወጣ በኋላ መልሶ አይሰበሰብም።

ለትዳር ጓደኛ

ባለቤትዎ ወይም እጮኛዎ ጥቃት ደርሶባት ከሆነ ለረጅም ጊዜ መቀራረብ ሊከብዳት ይችላል። ይህ እርስዎን መጥላት አይደለም፤ ሰውነቷ ከአደጋ ራሱን እየጠበቀ ነው። ለግንኙነት አይጎትጉቷት፤ ፍጥነቱን እርሷ ትወስን። ጀምራ ማቆም ብትፈልግ ወዲያው ያቁሙ፣ አይቆጡ። የምርመራ ውጤት እስኪረጋገጥ ኮንዶም መጠቀም ለሁለታችሁም ጥበቃ ነው። ክብራችን ተነካ ብሎ ማሰብ ቢመጣብዎት ያስታውሱ፦ ክብር የጎደለው የደፈረው ሰው ነው።

ተጎጂው ልጅ ሲሆን

ልጆች ብዙ ጊዜ በቃል አይናገሩም። አልጋ ላይ መሽናት መጀመር፣ ከአንድ የተወሰነ ሰው መሸሽ፣ ለዕድሜያቸው የማይመጥን የወሲብ ንግግር ወይም ጨዋታ፣ የመቀመጫ ወይም የብልት አካባቢ ሕመም፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ጥርጣሬ ሊያሳድሩ ይገባል። እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም ሐኪም ሊያይ ይገባዋል።

ልጁ ሲናገር ፊትዎ ላይ ድንጋጤ እንዳይታይ ይጣሩ። «ነግረኸኛል፣ ጎበዝ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበሉ። ደጋግመው አይጠይቁ፣ ቃሉን አፉ ላይ አያስቀምጡለት። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ የልጅን ደኅንነት ለማስጠበቅ ጉዳዩን ለሐኪምና ለፖሊስ ማሳወቅ የአዋቂው ኃላፊነት ነው። እዚህ ላይ ውሳኔው ለልጁ አይተውም፤ ነገር ግን ምን እንደሚደረግ በሚገባው ቋንቋ አስቀድመው ይንገሩት፤ ትንንሽ ምርጫዎችን ይስጡት። ጥቃት አድራሹ እቤት ውስጥ ያለ ሰው ቢሆን ከልጁ መለየት አለበት።

ተጎጂው ወንድ ሲሆን

ወንዶች «ወንድ አይደፈርም» በሚል አባባል ምክንያት ለዓመታት ዝም ይላሉ። በጥቃቱ ጊዜ ሰውነታቸው ምላሽ ሰጥቶ ከነበረ ደግሞ ኃፍረቱ ይብሳል። የሰውነት ምላሽ ከፈቃድ ጋር አይያያዝም፤ ፍርሃትም ሊያመጣው ይችላል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት፣ ምርመራውና የሥነ ልቦና ሕክምናው ለወንዶችም እኩል ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ውጭ ለምትኖሩ

በአሜሪካ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ የጾታዊ ጥቃት ምርመራ ማድረግ ይቻላል፤ ለፖሊስ ማመልከት ግዴታ አይደለም፤ ማስረጃ ለመሰብሰብ የሚደረገው ምርመራም ያለ ክፍያ ነው። ብሔራዊው የስልክ መስመር 1-800-656-4673 ነው። በእስራኤል ለሴቶች 1202፣ ለወንዶች 1203 መደወል ይቻላል። በእንግሊዝ ለጾታዊ ጥቃት የተዘጋጁ የሕክምና ማዕከሎች ለፖሊስ ሳያመለክቱም ይቀበላሉ። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ ከሆስፒታሉ ይጠይቁ፤ የቤተሰብ አባል ወይም የሰፈር ሰው አስተርጓሚ ባይሆን ይመረጣል።

በዐረብ ሀገራት በቤት ሠራተኛነት ላሉ ሴቶች ሁኔታው ይለያል። በአንዳንድ ሀገራት ከጋብቻ ውጭ የሆነ ግንኙነት ራሱ ስለሚያስከስስ፣ ወደ ፖሊስ ከመሄድ በፊት ኤምባሲን ወይም ቆንስላን ማማከር ይመረጣል። ከስደት የተመለሰች ልጅዎ ስለዚያ ጊዜ መናገር ካልፈለገች አያስጨንቋት፤ ብዙ ዓመት ቢያልፍም ምርመራና የምክር አገልግሎት ማግኘት እንደምትችል ብቻ ይንገሯት።

ራስዎን መንከባከብ

የሚወዱት ሰው ሲጎዳ እርስዎም ይጎዳሉ። እንቅልፍ ሊያጡ፣ «ለምን አልጠበቅኋትም» እያሉ ራስዎን ሊወቅሱ ይችላሉ። ይህን ሸክም እርሷ ላይ አያሳርፉት፤ እርስዎን ማጽናናት የእርሷ ሥራ መሆን የለበትም። ስሟንና ዝርዝሩን ሳይጠቅሱ ከአንድ ምሥጢረኛ ሰው ወይም ከባለሙያ ጋር ይነጋገሩ። በቤተሰቡ ውስጥ ተራ ገብታችሁ ብትረዱ ሁሉም ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል።

ማገገም ምን ይመስላል?

ማገገም መርሳት አይደለም። ቀጥ ብሎም አይሄድም፤ ደኅና ከሰነበተች በኋላ ዓመቱ ሲዞር፣ በዜና ተመሳሳይ ነገር ስትሰማ ወይም ሰውዬውን መንገድ ላይ ስታይ ወደ ኋላ ልትመለስ ትችላለች። ይህ ሲሆን ያገኘችው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

የመሻሻል ምልክቶች ትንንሽ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ መተኛት፣ ብቻዋን ሱቅ ደርሶ መመለስ፣ «አይ፣ ዛሬ አልፈልግም» ብሎ ያለ ፍርሃት መናገር፣ ስለ ቀጣዩ ዓመት ማቀድ። ከቤተሰቡ አንዱ ያቀረበላትን ሐሳብ እምቢ ስትል ቅር አይበላችሁ፤ ፈቃዷ ወደ እርሷ እየተመለሰ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪም ምርመራንና የሕግ ባለሙያ ምክርን አይተካም።